ጆሮዬ የሚፈልገው ዝቅ ያለውን ምት ነው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም የሚለማመድ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ስኔርና ሲምባል (ስል ድምፅ ያለው ድራምና የናስ ሳህኑ) በፎጣ ይታፈናሉ፣ ኪክ (በፔዳል መዶሻ የሚመታው ትልቁ ድራም) ግን አይታፈንም። ጉምታው በወለሉ ወርዶ ታች ያለውን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከተማው ዳር የሚኖር ድራመር ወደደም ጠላም ዝቅ አድርጎ መምታት ይለምዳል። እንዲህ መለማመድ እጅን ያልፈሰፍሳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ደጋግሜ የማደምጣቸው ድራመሮች በሙሉ ውበታቸው ያለው በጎላው ምትና የለም በሚያሰኘው ምት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ፍጥነት ያስደንቃል፤ አንድ ሁለቴ ከሰሙት በኋላ ግን ያልቃል። ዝቅ ያለው ምት በሰሙት ቁጥር ሌላ ነገር ያወጣል።

(ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቅድሚያ የምሰጠው ለቶኒ አለን ነው። በ1940 ሌጎስ ተወልዶ በ2020 ፓሪስ አርፏል። ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ጋር ሆኖ አፍሮቢት የተባለውን የሙዚቃ ስልት የመሠረተው እሱ ነው። ወጣት ሳለ የጃዝ ድራመሩ ማክስ ሮች ስለ ሃይሃት (በእግር ስለሚከፈትና ስለሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) በመጽሔት ያወጣውን ትምህርት አጥንቷል፤ ያ ትምህርት አጨዋወቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሃይሃቱ ዝም ብሎ ጊዜ አይቆጥርም፤ ባልጠበቃችሁት ቦታ ከፈት ብሎ ይዘጋል፣ ሐሳቡንም የሚቋጨው በዚያ ነው። ኪኩ እያንዳንዱን ቆጠራ አይረግጥም፣ ስኔሩም ከአራቱ ቆጠራ 2 እና 4 ላይ ብቻ ተተክሎ አይቀርም። እጆቹና እግሮቹ ለየራሳቸው ያወራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝቅ ይላል።

እሱን ለመምሰል የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበላሽበት እግሩ ላይ ነው። ኪኩን እንደ ሮክ ይረግጠዋል፣ መዶሻውንም ቆዳው ላይ ተጭኖ ያስቀረዋል። ያን ጊዜ ሙዚቃው መሬት ላይ ይቸነከራል። የሚሻለው ተረከዝን ከፔዳሉ ሳያነሱ፣ በቁርጭምጭሚት ብቻ መምታትና መዶሻው ወዲያው እንዲመለስ መልቀቅ ነው። የኪኩ ድምፅ ከስኔሩ መብለጥ የለበትም። መጀመሪያ ቀኝ እጅ ሃይሃት ላይ ብቻውን ለሁለት ደቂቃ ይሂድ፤ ቀጥሎ ኪኩ ይግባ፤ ስኔሩ በመጨረሻ። ሦስቱንም አንድ ላይ የጀመረ ሰው ጆሮው ከፍ ያለውን ብቻ ስለሚከተል የትኛው እግር ወይም እጅ እንደቸኮለ አያገኘውም። ስቲክም ለውጥ አለው፦ 7A የሚባለው መጠን ከ5A ቀጠን ያለና ቀለል ያለ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት አጨዋወት ይመቻል፤ ወፈር ባለው 5B ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን እጅ ቶሎ ይደክማል።

ክላይድ ስተብልፊልድ ደግሞ ጎስት ኖት የሚባለውን ያን የለም የሚያሰኝ ምት ዓለም ሁሉ እንዲሰማው ያደረገ ሰው ነው። በ1943 ቻታኑጋ ተወለደ፣ በ2017 ዐረፈ። ድራም ቤት ገብቶ አልተማረም፤ ልጅ ሆኖ የሚሰማውን የፋብሪካና የባቡር ድምፅ በምት ይከተል ነበር። ከድምፃዊው ጄምስ ብራውን ጋር በ1969 በተቀዳው «ፈንኪ ድራመር» ውስጥ ያለው የድራም ብቻ ክፍል ከዚያ በኋላ በሂፕሆፕ ሥራዎች ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ተቆርጦ ገብቷል። የድርሰቱ ባለቤትነት በስሙ ስላልነበረ ግን ከዚያ ሁሉ የሚገባውን አላገኘም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል። ያን ምት በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ቀንሳችሁ አድምጡት። መጀመሪያ የምትሰሙት 2 እና 4 ላይ ያሉትን ሁለት የስኔር ምቶች ነው። ድምፁን ትንሽ ስትጨምሩ ከእነሱ መካከል ግራ እጁ ሲያንሾካሹክ ይሰማችኋል። ሙዚቃውን ወደፊት የሚገፋው ይኸው ነው። በዚያው ባንድ የነበረው ጃቦ ስታርክስ ብዙ ነገር አይጨምርም ነበር፤ ጥርት ያለና ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱን አከታትሎ መስማት አንድ ዓመት የሚያህል ትምህርት ይሰጣል።

ጎስት ኖት የሚወጣው በኃይል ሳይሆን በከፍታ ነው። ለጎላው ምት የስቲኩ ጫፍ ከቆዳው 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ይነሣል፤ ለዝቅተኛው ግን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከጎላው ምት በኋላ ነው። ስቲኩ ነጥሮ ወደ ላይ ይመለሳል፣ የሚቀጥለውም ምት ከዚያ ከፍታ ስለሚወርድ ጎስት ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ ጎላ አድርጎ እንደመቱ ሦስቱን የኋላ ጣቶች ጨበጥ አድርጎ ስቲኩን እዚያው ታች ማስቆም ነው። ሜትሮኖምን (ቆጠራ የሚመታውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ላይ አድርጋችሁ በአንድ ቆጠራ አራት ምት በግራ እጅ ብቻ ምቱ፤ የመጀመሪያው ጎላ፣ ሦስቱ ዝቅ። ለሁለት ደቂቃ። ከዚያ የጎላውን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው አዘዋውሩት። አራተኛው ከባዱ ነው፤ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው የቀጣዩ ቆጠራ የመጀመሪያ ምት ሳይታወቅ ይጮኻል። ሲጮኽ ከሰማችሁ በ10 ቀንሱ። ለዚህ ልምምድ ድራም አያስፈልግም፤ ቁራጭ ሳንቃ ላይ የመኪና የውስጥ ጎማ ወጥሮ በሚስማር ማያያዝ ይበቃል፤ ጎማው ስቲኩን ከቆዳ ባላነሰ ስለሚመልስ እጅ አይታለልም። ትራስ ላይ መለማመድ ጡንቻ ያጠነክራል፣ የመንጠሩን ነገር ግን አያስተምርም።

የሮሊንግ ስቶንሱ ድራመር ቻርሊ ዋትስ ላይ ብዙ አልቆይም። 2 እና 4 ላይ ስኔሩን ሲመታ ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ያነሣዋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይመቱም። ስኔሩ ብቻውን ስለሚሰማ ጎላ ለማለት ኃይል አይጠይቅም። ሞክሩት፤ ከባዱ ነገር ቀኝ እጅ ሲመለስ አለመቸኮሉ ነው።

የሌድ ዜፔሊኑ ድራመር ጆን ቦናም እዚህ መግባቱ የሚገርማቸው ይኖራሉ፤ ኃይለኛ ነው ይባላልና። ነውም። ነገር ግን ያ ግዙፍ ድምፅ የመጣው ከክንዱ ብቻ አይደለም። 26 ኢንች የሆነውን ኪክና ቶሞቹን (ሌሎቹን ድራሞች) ከፍ አድርጎ ነበር የሚቃኛቸው፣ የሚያፍን ነገርም አያበዛባቸውም። በ1971 በወጣው አልበም ላይ ያለው ታዋቂ ምቱ የተቀዳው እንግሊዝ አገር ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል ቤት፣ ድራሙን ከደረጃው ሥር አስቀምጠው ሁለት ማይክሮፎን ከላይ አንጠልጥለው ነው። እኛ ጋ ስኔር ሲጮኽ የሚደረገው ማስቲካና ጨርቅ መለጠፍ ነው። ከዚያ በፊት ቅኝቱ ይታይ። በእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ፣ ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በስቲኩ ጫፍ ነካ አድርጉት። አንዱ ወርዶ ከተሰማ በሩብ ዙር አጥብቁት፣ ቀጥላችሁ ፊት ለፊቱ ያለውን። ጎን ለጎን እያጠበቁ መዞር ቆዳውን ወደ አንድ በኩል ይስበዋል፤ ጩኸቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምሩኝ ድራመሮች ግን ስማቸው ካሴት ላይ የለም። የበዓል ዋዜማ ሌሊት፣ ማኅሌት በተቆመበት ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመቱት ሊቃውንት ናቸው። እንጦጦም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ አድማጭ ጆሮውን የሚጥልበት ቦታ መረግዱ ወደ ጽፋት የሚሸጋገርበት ነው። መረግዱ ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ የከበሮው ሰፊ አፍ ወፈር ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ጠባቡ አፍ ቀጠን ብሎ ይመልሳል፣ በምቶቹ መካከል ጸናጽሉ ይሞላል። ከዚያ በጽፋቱ ጭብጨባው ተጨምሮ ይፈጥናል። ሜትሮኖም የለ፣ እጁን አንሥቶ የሚቆጥር የለ፤ ግን ሁለት ከበሮ ሆነው አይለያዩም። ምክንያቱን ቀረብ ብሎ ያየ ያገኘዋል፦ የሚፈጥኑት በእጅ ሳይሆን በአካል ነው። ትከሻው ላይ የተንጠለጠለው ከበሮ ከሰውነቱ ጋር ይወዛወዛል፣ ምቱም የውዝዋዜው መጨረሻ ላይ ያርፋል። ባንድ ውስጥ የምናየው ድራመር ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይጨምራል። እነሱ ግን ፍጥነትንና ጉልበትን ለየብቻ ይዘዋቸዋል።

የከበሮ ቆዳ ወቅትም ያውቃል። በጥር፣ ጥምቀት ሰሞን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ተወጥሮ ጥርት ይላል። ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር ላይ ያው ከበሮ እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፣ ድምፁም ይፈዛል። ፀሐይ በወጣ ሰዓት ሁለቱን አፍ እያገላበጡ ማሞቅ ያነቃዋል። እሳት አጠገብ ማስቀመጥ ግን አደጋ አለው፤ ቆዳው ጠፍሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ የሆነው የድራም ቆዳ ይህ ችግር የለበትም፤ የእሱ ችግር የበጋው አቧራ ነው። መንገዱ አስፋልት ያልሆነበት ሰፈር ፔዳሉ መንቋቋት ሲጀምር በመጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከዚያ ብቻ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አቧራው ላይ ዘይት ማፍሰስ ጭቃ ይሠራል።

ወደ ባንድ ስንመለስ፣ በ1977 የተቀዳውን የዋልያስ ባንድ የሙዚቃ መሣሪያ አልበም የሚያውቅ ሰው የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ያነሣል። ትክክል ነው። እኔ ግን በዚያ ሥር ድራመሩ ተማረ ሐረጉ የሚመታውን ድራም እንድትከተሉ እለምናችኋለሁ። ኦርጋኑ ዜማውን ሲያወጣ አይሻማውም፣ ቦታ ይተውለታል። ከአሁኖቹ ተፈሪ አሰፋ አለ፤ ነጋሪት ባንድን ይዞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ምቶችን ወደ ድራም ያመጣ ነው። የሁለቱም ጥቅም አንድ ዓይነት ነው፤ የእኛን ምት ድራም ላይ ሲያስቀምጡ አያደርቁትም።

መድረቅ ስል ችክችካን ማለቴ ነው። ሠርግ ቤት ከኪቦርድ የሚወጣው ችክችካ ሁሉም ምት እኩል ስለሚጮኽ ትከሻ አያነቃንቅም። ድራም ላይ አንዱ አመታት ይህ ነው፦ ስድስት ቁጠሩ። ቀኝ እጅ ሃይሃት ላይ 1፣ 3፣ 4 እና 6 ይመታል። ኪክ 1 ላይ፣ ስኔር ጎላ ብሎ 4 ላይ። 2 እና 5 ባዶ ናቸው፤ እዚያ ግራ እጅ በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጎስት ያስገባል። የሚበላሸው 3 እና 6 ላይ ነው። ዘግይተው ወደ 4 እና ወደ 1 ሲጠጉ የወታደር ሰልፍ ይሆናል፤ ቀድመው ሲመጡ ደግሞ ተራ 4/4 ይመስላል። ጎስቶቹ ቦታቸውን ከያዙ 3 እና 6 በራሳቸው ይስተካከላሉ፤ ከፊታቸው ያለው ምት ልክ ይሰጣቸዋልና።

ይህን ከለመዳችሁ በኋላ ኤልቪን ጆንስን አድምጡ። ከ1960 እስከ 1966 መጀመሪያ ከጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወተው እሱ ሦስት ሦስቱን ምት በእጅና በእግር መካከል እያከፋፈለ ይዘረጋዋል፤ ስድስት ቆጥሮ ላደገ ጆሮ ሩቅ አይደለም። ከእሱ የሚወሰደው እንዲህ ነው፦ 2 ላይ የነበረውን የግራ እጅ ጎስት ለኪክ ስጡት፣ 5 ላይ ያለውን ለግራ እጅ ተዉት። ሜትሮኖሙ 1 እና 4 ላይ እንዲመታ አድርጋችሁ ከ60 ጀምሩ። አራት ዙር ሳይዛነፍ ሲሄድ በ5 ጨምሩ። ኪኩ 2 ላይ ከ1ኛው ምት ጎልቶ ከተሰማ ፍጥነቱን ተዉት፣ ተረከዙን መልሱት፣ እንደገና ከ60።