የኔ ነፃነት በሽሮፕ ነው የመጣው

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይሄን ምስክርነት ሦስት አመት ሙሉ ይዤው ነው የቆየሁት፣ አፍሬ ብቻ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ሰው የለመደው አይነት ምስክርነት ስላልሆነ ነው። ሰው ሲመሰክር "ተፀለየልኝ፣ ከዛች ሰአት ጀምሮ ሱሱ ጥሎኝ ጠፋ" ይላል፣ እኔም እንደዛ እንዲሆንልኝ ነበር የፀለይኩት። አልሆነልኝም።

ነገሩ በወገብ ኦፕሬሽን ነው የጀመረው። ለህመሙ ትራማዶል ታዘዘልኝ፣ ህመሙ ሄደ ክኒኑ ግን ቀረ፣ ቀስ እያልኩ ጠንከር ወዳለው ወደ ኦክሲኮዶን ተሻገርኩ፣ ማዘዣው ካለቀ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁላ "ሀኪም ያዘዘው እኮ ነው" እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ስራ እሄዳለሁ፣ ቸርች እሄዳለሁ፣ ኳየር ውስጥም ነበርኩ፣ ግን ቦርሳዬ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ክኒን ከሌለ ከቤት አልወጣም። ባለቤቴ እንኳን አያውቅም ነበር።

እርጉዝ መሆኔን ያወቅኩት በ11ኛው ሳምንት ነው፣ እነዚህ ክኒኖች የወር አበባን ስለሚያዛቡ ሲቀርብኝም አልጠረጠርኩም። ያን ቀን ማታ ባኞ ቤት ገብቼ ቆልፌ፣ ባለቤቴ እንዳይሰማኝ እንደ ሐና ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ "ጌታ ሆይ ልጄን አትርፍልኝ፣ ይሄን ነገር ዛሬ ቁረጥልኝ" አልኩና የነበረኝን ክኒን በሙሉ ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት። 23 ፍሬ ነበር። ሱስ ያለበት ሰው ሁሌ ይቆጥራል።

የመጀመሪያው ቀን እየዘመርኩ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ማዛጋት ጀመረኝ፣ አፍንጫዬ እንደ ጉንፋን ይንጠባጠባል፣ ያልበኛል ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል፣ እግሬን የት ላድርገው፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። ሃራራ የሚሉትን ነገር ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲያስመልሰኝና ሲያስቀምጠኝ አድሮ ሆዴ ከስር መኮማተር ጀመረ፣ እኔ ግን ሰይጣን እየታገለኝ ነው፣ ከያዝኩት አልለቅም ብዬ ወለል ላይ ተኝቼ እፀልያለሁ፣ ባለቤቴ ነው ደም አይቶ ተሸክሞ ሆስፒታል የወሰደኝ።

ተረኛዋ ሲስተር "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" አለችኝ፣ "የለም" አልኳት። ፃፈችና ሄደች። ከዛ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፣ መጋረጃውን ሳበችው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና "እናቴ፣ ልፈርድብሽ አይደለም የምጠይቅሽ፣ ለሱ ብዬ ነው" ብላ በአይኗ ወደ ሆዴ አሳየችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁን አሁን ሳስበው የባኞ ቤቱ ፀሎት መልስ ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ ተመልሳ መጠየቋ ነው፣ እንደ መጀመሪያው ብትተወኝ ኖሮ ዋሽቼ ቤቴ ገብቼ ልጄን እገድለው ነበር፣ በፀሎት መሀል።

ዶክተሩ መጥቶ የነገረኝን አልረሳውም። ክኒኑ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱ ጋር ይደርሳል፣ የሱም ሰውነት ለምዶታል፣ ስለዚህ አንቺ በአንዴ ስታቆሚ እሱም ውስጥሽ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ማህፀን ይኮማተራል፣ ሊያስወርድሽ ወይም ያለጊዜው ምጥ ሊመጣ ይችላል አለኝ። "ሁለተኛ ብቻሽን እንዳታቆሚ" አለኝ። መፍትሄው ሜታዶን ነው፣ ከክኒኑ ጋር አንድ ዘር የሆነ በሀኪም ቁጥጥር የሚጠጣ ሽሮፕ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰአት ስለሚቆይ ከፍ ዝቅ የለውም፣ ልጁም ይረጋጋል አለ። በኋላ ሳነብ ሜታዶን ለሱስ ህክምና መዋል የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ባወጣው መመሪያ እንደኔ አይነት ነፍሰ ጡር ክኒኑን በግድ ከምታቆም በዚህ አይነት ህክምና ብትቆይ ይሻላል ይላል።

እኔ ግን ያኔ ተናደድኩ። ጌታ ሆይ፣ ቁረጥልኝ አልኩህ እንጂ ቀይርልኝ አልኩህ? ከዛ ጠዋት ጠዋት ሲስተሯ ፊት በትንሽዬ የፕላስቲክ ኩባያ ሽሮፑን ስጠጣ ሁለት ሦስት ወር እንባዬ እየመጣ ነው የዋጥኩት። አብራኝ የምትፀልይ እህት ደግሞ (ክፉ አይደለችም፣ እወዳታለሁ) "እሱን እየጠጣሽ ነፃ ወጣሁ እንዳትይ" አለችኝ። እሷ ራሷ የደም ግፊት መድኃኒቷን በየቀኑ ነው የምትውጠው፣ ይሄን አልነገርኳትም፣ ልቤ ውስጥ ግን ብያለሁ።

አምስተኛ ወር ላይ አንዴ ወደ ክኒኑ ተመልሻለሁ፣ አንድ ቀን ነው፣ በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው አላባረሩኝም። ስምንተኛ ወር ላይ ሃራራው እንደገና መጣብኝ፣ በቃ ወደኩ ብዬ ሳለቅስ ዶክተሩ "አልወደቅሽም፣ እርግዝና ሲገፋ ደም ይበዛል ሰውነትም መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚጨርሰው መጠኑ አንሶሽ ነው" ብሎ ጨመረልኝ። መጨመሩ ልጁን አይጎዳውም ወይ አልኩት፣ አንቺ ሳይበቃሽ ቀርቶ ክኒን ብትፈልጊ ነው የሚጎዳው አለኝ።

በ38 ሳምንት ወንድ ልጅ ወለድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ፀጥ ብሎ ተኛ፣ እኔም አመለጥን ብዬ ነበር፣ የልጁ ሃራራ ከ24 ሰአት እስከ 72 ሰአት ባለው ነው በብዛት የሚጀምረው ብለው ነግረውኝ ነበር ግን ማን ሊሰማ ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ማታ አለቀሰ። የሌሎቹን ልጆች ለቅሶ አይመስልም፣ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይወጋል። አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ጡት ይይዛል ይለቃል፣ ተረከዙን አንሶላው ላይ ሲያሽ ሲያሽ ቆዳው ተላጠ። እና ያስነጥሳል፣ አንዴ ከጀመረ አምስቴ ስድስቴ። እኔ አልጋው ጎን ቁጭ ብዬ ባስነጠሰ ቁጥር "ይማርህ" እላለሁ፣ መጀመሪያ በልማድ ነው ያልኩት፣ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሌላ የምፀልየው ቃል ስላጣሁ እሱው ፀሎቴ ሆነ። ይማርህ። ይማርህ። እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ፣ እኔንም ይማረኝ።

ሲስተሮቹ በየሦስት ሰአቱ እየመጡ በወረቀት ነጥብ ይሰጡታል፣ ፊኔጋን የሚሉት መለኪያ ነው፣ ለቅሶው ስንት፣ መንቀጥቀጡ ስንት፣ ማስነጠሱም ነጥብ አለው። ነጥቡ ከፍ ብሎ 9፣ 11፣ 10 ሲመጣ ሃራራውን የሚያበርድ ሞርፊን በጠብታ ጀመሩለት። "ሱሰኛ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው?" አልኳት አንዷን፣ "አይደለም" አለችኝ፣ "ሱሰኛ ጉዳቱን እያየ የሚፈልግ ነው፣ እሱ ምን ፈለገ? ሰውነቱ ለምዶ ነው፣ ይለቀዋል።" ዋናው መድኃኒት ደግሞ እኔው ነበርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? መብራት ይቀነሳል፣ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ ካልሆነም ራቁት ደረቴ ላይ ይለጠፋል። ጡትም አጥቢው አሉኝ፣ ሜታዶን ወደ ወተት የሚያልፈው ትንሽ ነው፣ ሌላ ነገር እስካልወሰድሽ ድረስ ይጠቅመዋል ብለው። የሱን ህመም ያመጣሁበት ገላዬ ላይ ተኝቶ ሲረጋጋ ምን እንደተሰማኝ መፃፍ አልችልም፣ ሞክሬ ሦስቴ አጠፋሁት።

በ19ኛው ቀን ይዤው ወጣሁ።

እኔ አሁንም ሽሮፑን እወስዳለሁ፣ መጠኑ ከሀኪም ጋር ሆነን እየቀነስን አንድ ሦስተኛው ነው የቀረው፣ አንቸኩልም። ክኒን በእጄ ካልያዝኩ ሦስት አመት አልፎኛል። ይሄን ስፅፍ የቀድሞዋን እኔን የመሰለች እህት ታነበው ይሆናል፣ ባኞ ቤት ቆልፈሽ እየፀለይሽ ከሆነ ፀልዪ፣ ግን ክኒኑን ከመድፋትሽ በፊት ለሀኪም ንገሪ።

ልጄ ሲያስነጥስ ዛሬም ሳላስበው እቆጥራለሁ። ትላንት ማታ አንዴ ብቻ አስነጠሰ፣ ጠበቅኩ፣ ሁለተኛ አልመጣም። "ይማርህ" አልኩት። አፉን በምግብ ሞልቶ "ያኑርሽ" አለኝ።