ሥሩን ቆፍረን ስናየው

መተከል ዞን፣ ፓዌ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ አኩሪ አተር አምራች ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢሮ ድረስ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ያ የሰጣችሁኝ ዱቄት አመድ ነው እንዴ? የጎረቤቴ ማሳ ለምልሞ የኔ ቢጫ ሆነ» አሉኝ።

ዱቄት ያሉት ሕያው ማዳበሪያ ነው። 125 ግራም የምትመዝን ከረጢት ናት፤ ሲያዩዋት ጥቁር አፈር ትመስላለች። ውስጧ ያለው ግን ባክቴሪያ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል እንዲሁ ሊወስደው አይችልም። ይህ ባክቴሪያ ሥር ውስጥ ገብቶ ናይትሮጅኑን ለተክሉ በሚሆን መልክ ያዘጋጅለታል። ተክሉም በምላሹ ስኳር ይቀልበዋል። የባቄላና የአተር ባክቴሪያ አፈራችን ውስጥ ድሮም አለ። አኩሪ አተር ግን ለአገራችን መጤ ሰብል ነው፤ ወዳጁን ካልሰጡት በብዙ ቦታ አያገኘውም።

«እስቲ ማሳዎን እንየው አባባ» ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። አካፋ ይዘናል፤ በእጅ ከተነቀለ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥር እባጮች ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን አውጥተን በውሃ አጠብነው። ምንም የለውም፣ ለስላሳ ክር ነው። ወደ ጎረቤትየው ማሳ ተሻገርን። እዚያ ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያክሉ እባጮች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ቀይ ነው።

«ደም አለው እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

ደም እንኳ አይደለም። ግን ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነገር ዘመድ ነው። ኦክስጅን የባክቴሪያውን ሥራ እንዳያበላሽ ይዞ ያቆይለታል። ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለቱም ከረጢቱን የወሰዱት ከአንድ መጋዘን፣ በአንድ ቀን ነው። ታዲያ ምን ለያቸው? እሳቸው ልጆች እንዳይነኩት ብለው ቆጥ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሰቅለውት ከርመዋል። የመተከል ሙቀት ደግሞ አይጣል ነው። ዱቄቱ የተለወሰበትንም ዘር እንዲደርቅ ብለው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። የጎረቤትየው ሚስት ከእንስራው አጠገብ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጣ ጥላ ሥር ለወሰችው። ማን እንደነገራት ስጠይቃት ሳቀች።

«ሕይወት አለው አላላችሁም? እርሾዬን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ እንዴ?»

እሷ ሥልጠናው ላይ አልነበረችም፤ ከባሏ ነው የሰማችው። የጠራነው አባወራዎቹን ብቻ ነበር፤ ዘሩን የሚለውሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ባሎችንም ሚስቶችንም አብረን ጠራን፤ አዳራሹን ትተን ማሳ ላይ አካፋ ይዘን አሳየን። አባባ ማሳቸው ቢጫ በሆነበት ዓመት ዩሪያ ገዝተው ጨመሩ፤ ሰብላቸው በመጠኑ አገገመ። ወጪው ግን አንገብግቧቸዋል። አዲሷን ከረጢት ሲረከቡ መጀመሪያ ያዩት የአገልግሎት ማብቂያ ቀኗን ነው።