በሐሳብ ጭልጥ

ሰሞኑን አንድ የፈረንሳይኛ ቃል አግኝቼ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ቦቫሪዝም ይባላል። እኛ በሐሳብ ጭልጥ ማለት፣ በቁም መቃዠት ከምንለው ጋር ዘመድ ነገር ነው፣ ግን የሱ ይብሳል፣ ከቅዠቱ ስትመለሺ የገዛ ቤትሽ ያስጠላሻል። የመጣው ጉስታቭ ፍሎቤር በ1857 (በነሱ አቆጣጠር) በመጽሐፍ ካወጣው ልብወለድ ነው፣ ከኤማ ቦቫሪ። ሰውዬው ሥነ ምግባር አበላሸህ ተብሎ ፍርድ ቤት ሁሉ ቆሞ ነፃ ወጥቷል። ቃሉን ደግሞ በ1892 ዡል ደ ጎልትዬ የሚባል ፈላስፋ አንስቶት፣ ሰው ራሱን ከሆነው ሌላ አድርጎ የማየት ችሎታ አለው አለ። ችሎታ ማለቱ ትንሽ አጽናናኝ ሃሃ።

ኤማ የገበሬ ልጅ ናት፣ ገዳም ውስጥ ስትማር ተደብቃ የፍቅር ልብወለድ ታነባለች፣ ከዛ የገጠር ሐኪም አገባች፣ አንድ ቀን ባላባት ግቢ ዳንስ ተጠራችና በቃ ኑሮዋ አልጥም አላት። ውሽማ፣ ዕዳ፣ መጨረሻ ላይ አርሰኒክ የሚባል መርዝ። እኔ "ምን አይነት ቅብጥብጥ ናት" እያልኩ ነበር የማነበው፣ ካርታው ጋ እስክደርስ። የፓሪስ ካርታ ገዝታ በጣቷ መንገድ መንገዱን እየተከተለች ከተማውን ትዞራለች እኮ!

እኔም ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጉግል ማፕ ከፍቼ ያቺን የመንገዱን ፎቶ የምታሳየውን ቢጫ ሰው ፓሪስ ላይ ጥዬ እሄዳለሁ። ዳቦ ቤት ያለበት አንድ ጥግ አለኝ፣ እዛ ሁሌም ቀን ነው፣ መብራት አይጠፋም፣ ፊቷን ያደበዘዙባት አንዲት ሴትዮ ውሻ ይዛ ቆማለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዛው ናት፣ እና ቀናሁባት ብል ታምኑኛላችሁ?

ባሌ ከጎኔ ዘይት ጨመረ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ ምናምን ሲለኝ እሺ እሺ እላለሁ፣ ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤማ ነው፣ እኔን ያስለቀሰኝ ግን ባሏ ሻርል ነው። ደስተኛ ትመስለዋለች እኮ፣ ምስኪን!

ትናንት ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ባሌ ከኋላዬ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። እንዴት እንደደነገጥኩ!

"ሴትዮዋ ዛሬም አልሄደችም?" አለኝ።

ስንት ማታ እዛ ቆሞ እንዳየ እንጃ።