ኦክቶፐስ ሪግ ልታደርጉ ነው? መጣበቂያዎቹን አትርሱ

ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው የምጽፈው። ለልጆች ማስተማሪያ ቪዲዮ አንድ ኦክቶፐስ በብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር) ሪግ የማድረግ፣ ማለትም እንዲንቀሳቀስ የውስጥ አጥንትና መቆጣጠሪያ የመግጠም ሥራ መጣልኝ። ደንበኛዬ «ይሄማ ቀላል ነው፣ አጥንት እንኳ የለውም» አለኝ። ችግሩ እሱ ነዋ! የሰው እጅ ክርኑ ላይ ይታጠፋል፣ አለቀ። የኦክቶፐስ ክንድ ግን ባሻው ቦታ ይታጠፋል፣ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል።

ሞዴሉን ስትሠሩ ስምንቱንም ክንዶች አራርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከተጠጋጉ አውቶማቲክ ዌይቱ (የትኛው ቆዳ የትኛውን ቦን፣ ማለትም የሪግ አጥንት እንደሚከተል የሚወስነው) የአንዱን ቆዳ ለጎረቤቱ ቦን ያድለዋል። አንዱን ክንድ ጨርሱና ሌሎቹን ከእሱ አባዙ። ለጭንቅላቱ ጥቂት ቦን ይበቃል።

ለክንዱ የቦን ሰንሰለት፣ በላዩ ከርቭ (የሚታጠፍ መስመር)፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ከርቩን እንዲከተል የሚያደርገው ስፕላይን አይኬ። ያየኋቸው ቱቶሪያሎች እዚህ ሲደርሱ «በቃ፣ ጨረስን» ብለው ይሰናበታሉ። ለምን እንደሚያምርላቸው ገብቶኛል። የሚያሳዩት ልሙጥ ቱቦ ነው። ልሙጥ ቱቦ ቢዞር ማን ያውቃል? ኦክቶፐስ ግን በክንዱ የታችኛው ጎን በሁለት ረድፍ የተደረደሩ መጣበቂያዎች አሉት። ክንዱን ስጠቀልለው መሃል ላይ ያሉት ወደ ጎን ዞሩ፣ የጫፎቹ ጭራሽ ጀርባው ላይ ወጡ። አኒሜት ሳደርገው ደግሞ ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ ድንገት ግልብጥ ይላል። ቆዳው እንደተጨመቀ ልብስ ተጠምዝዞ ይቀራል።

«ዌይትህን አስተካክል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበብኝ። ዌይቱ ምን አጠፋ? ከርቩ ለቦኑ በየት እንደሚሄድ ይነግረዋል እንጂ የትኛው ጎኑ ወደ ታች እንደሚሆን አይነግረውም።

መጀመሪያ ኤዲት ሞድ ገብቼ የሁሉንም ቦን ሮል (በራሱ ዘንግ ዙሪያ ያለውን መዞር) ወደ አንድ አቅጣጫ አስተካከልኩ። ችግሩን በግማሽ ብቻ ፈታው። ከዚያ በእያንዳንዱ የስፕላይን አይኬ ቦን ሥር እሱን የሚከተል ሌላ ቦን ጨመርኩና ቆዳውን የማንቀሳቀስ ሥራ ለአዲሱ ሰጠሁት። ጫፉ ላይ አንድ መቆጣጠሪያ አስቀመጥኩ። አዲሶቹ ቦኖች የእሱን መዞር በኮፒ ሮቴሽን ይቀበላሉ፤ በዋይ ዘንግ (በቦኑ ርዝመት ዙሪያ) ብቻ፣ በሎካል ስፔስ (ከራሱ ከቦኑ አንጻር)። ኢንፍሉዌንሱ (የመቀበሉ መጠን) የክንዱ መነሻ ላይ ዜሮ ነው፣ ወደ ጫፉ ቀስ እያለ አንድ ይደርሳል። አሁን መጣበቂያዎቹ ሲሸሹ መቆጣጠሪያውን አዙሬ እመልሳቸዋለሁ። ሲሠራልኝ ብቻዬን ነው ያጨበጨብኩት።

«ፕሪዘርቭ ቮልዩምን (ይዘትን ጠብቅ የሚለውን ምርጫ) አብሩት» የሚላችሁንም አትስሙ። ስሙ ያታልላል። ክንዱ ሲለጠጥ አያቀጥነውም፣ ሲታጠፍ ጭራሽ ያሳብጠዋል። የኦክቶፐስ ክንድ ከሞላ ጎደል ጡንቻ ብቻ ስለሆነ ሲረዝም መቅጠን አለበት። ያንን የሚሰጣችሁ ስፕላይን አይኬ ውስጥ ያለው የኤክስና የዜድ ስኬል (የውፍረት) ምርጫ ነው።

እንቅስቃሴውን በግምት አትሥሩት። የኢየሩሳሌም ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት በጣም ጠቅሞኛል። ኦክቶፐስ ክንዱን ሲዘረጋ ጫፉን አይወረውርም። መታጠፊያው ከክንዱ መነሻ ተነስቶ ወደ ጫፍ ይጓዛል። ምግብ ወደ አፉ ሲያመጣ ግን ክንዱን ክርን እንዳለው አድርጎ ያጥፈዋል። ለዚህኛው ለብቻው መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ደንበኛዬ በመጨረሻ ሰዓት «እርሳስ ይዞ ይጻፍ» ሲለኝ ክርኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ዋጋውም ጨመረ።