አሥረኛው እስኪወጣ

ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት ነው። አዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ለመያዝ ዝናብ ላይ ተሰልፌአለሁ። አክስቴ «ዶሮው ተቀምጦልሃል፣ ና» ብላ ደውላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ያስነሳኝ ዶሮው ብቻ አልነበረም። እነሱ ቤት ዋይፋይ አለ፤ እኔ ደግሞ ያን ሌሊት ላስ ቬጋስ ውስጥ የሚደረገውን ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የሚባለውን ትልቅ የካርታ ቁማር ውድድር ማየት ነበረብኝ።

ዳገቱን ስንያያዘው ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦታል። ረዳቱ «መስኮት ዝጉ!» ይላል፣ ሾፌሩ ባንድ እጁ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ውኃ ሆኖ ተዘረጋ። ከዋናው መንገድ እስከ አክስቴ ቤት ያለውን ጭቃ አልተርክም፤ ጫማዬ ይመስክር።

ቬጋስ እኩለ ቀን ሲሆን ሱሉልታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ደርሶ፣ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ባል ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ አጎነበሱ።

«ስንት አስይዘህ ነው እንዲህ ዓይንህ የፈጠጠው?»

«ምንም አላስያዝኩም ጋሼ። ዝም ብዬ ነው የማየው።»

«የሰው ቁማር? በዚህ ሌሊት?»

እሳቸው እሑድ እሑድ ከጎረቤት ጋር በቢራ ካርታ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ያ ግን በእሳቸው ሂሳብ «ጨዋታ» ነው።

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። በዚህ የፖከር ውድድር እያንዳንዱ ሰው 10,000 ዶላር ከፍሎ ይገባል፤ 60,000 ቺፕ፣ ማለትም የመወራረጃ ጠጠር፣ ይሰጠዋል፤ ቺፑ ያለቀበት ይሄዳል። ዘንድሮ 9,735 ሰው ነው የተመዘገበው። አሁን የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዛሬ ዘጠኝ እስኪቀሩ ይጫወታሉ። የመጨረሻው ጠረጴዛ የሚባለው እሱ ነው፤ እዚያ የደረሰ፣ ዘጠነኛም ቢወጣ፣ 1 ሚሊዮን ዶላር አለው።

«አሥረኛውስ?»

«አሥረኛው ገንዘብ ያገኛል፤ ስሙ ግን ከዘጠኙ ጋር አይጠራም።»

«ምስኪን» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ።

ብዙ ሰው ፖከር ሲባል ቺፑን በሙሉ ወደ መሐል የሚገፋ ጀብደኛ ነው የሚታየው። ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሲቃረብ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉም ካርታውን እያየ ይጥላል። ትንሽ ቺፕ የቀረው ሰው ከእሱ ያነሰው ቀድሞት እንዲወጣ ይጠብቃል። ብዙ የያዘው ይህን ፍርሃት ስለሚያውቅ በባዶ ካርታም ቢሆን ውርርዱን ከፍ እያደረገ ያባርራቸዋል። ተጠብቆም አይዘለቅም፤ ተጫዋቾች በየተራ የሚያስይዙት የግዴታ ውርርድ በየሁለት ሰዓቱ ስለሚጨምር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ቺፑ እንደ ሻማ እያነሰ ይሄዳል። እኔ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። የዋንጫው ቀን ግርግር አለበት፤ እዚህ ግን ሰው ሲጨነቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጋሼን የማረካቸው ተጫዋቹ የደበቀው ካርታ ለተመልካች መታየቱ ነው። «እኛ እያየነው እሱ አያየውም?» እያሉ ደጋግመው ሳቁ። ይህን መላ ያመጣው ከናዚ ማጎሪያ ተርፎ አሜሪካ የገባ ሄንሪ ኦረንስታይን የሚባል የአሻንጉሊት ሠሪ ነው። ካርታው ስለሚታይ ስርጭቱ ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ አለዚያ አንዱ ከውጭ ሹክ ይላላ! የጽሑፍ ዘገባው ግን ይቀድማል። ስለዚህ ማን እንደወጣ በጽሑፍ አንብቤ፣ ሰውየው ገና ፈገግ ብሎ ቺፑን ሲደረድር በምስል አያለሁ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት መሰለኝ።

እኔ ዓይኔ አሜሪካዊው ተጫዋች ሚካኤል ሚዝራኪ ላይ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. እዚሁ ውድድር ላይ አምስተኛ ወጥቷል፤ በዚሁ ሰሞን ደግሞ 50,000 ዶላር መግቢያ ያለውን ውድድር ለአራተኛ ጊዜ አሸንፏል። ጋሼ ግን ስፔናዊቷን ሌኦ ማርጌትስን መረጡ። «ይቺ ልጅ ፊቷ አያወራም» አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. 27ኛ ወጥታ እንደነበር ስነግራቸው «አየህ፣ ታግሳለች» ብለው ኮሩባት፣ የወለዷት ይመስል።

ሁለት ጠረጴዛ እንደቀረ መብራት ሄደ።

ዋይፋዩ አብሮ ጠፋ። በስልኬ ዳታ ትንሽ ቀጠልኩ፤ ምስሉ እየቆመ፣ እየተንተፋተፈ፣ በመጨረሻ ባትሪው ራሱ አለቀ። ጋሼ በጨለማ «ወጣች?» አሉኝ። «አላወቅኩም» አልኩ። ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል። ትንሽ ቆይተው ያንኮራፉ ጀመር፤ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲነጋጋ ወጣሁ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከውስጡ ሯጮች በረድፍ ብቅ ይላሉ፣ የእግራቸው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል። የፊተኛው አይቸኩልም፣ የኋለኛውም አይጠጋውም። ጭቃ ረጭተውብኝ አለፉ።

መብራቱ የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስልኬ ሲነሳ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ዘጠኙ ታውቀዋል፤ ሚዝራኪ አለ፣ 93 ሚሊዮን ቺፕ ይዟል። ማርጌትስም አለች። በ1995 እ.ኤ.አ. ከተቀመጠችው ባርባራ ኤንራይት ወዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም፤ 30 ዓመት! አሥረኛውን ፍለጋ በዝርዝሩ ወደ ታች ስወርድ ዳገቱ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።

ረቡዕ ማታ ጋሼ ደወሉ። ሰላምታው እንኳ አጠረ።

«ያቺ ልጅስ?»

«ሰባተኛ ሆና ወጣች ጋሼ። 1 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ደረሳት።»

«ገንዘቡን ተወው። ምን ይዛ ነው የገባችው?»

ካርታዎቹን ከዘገባው አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከኋላ አክስቴ «ማን ነው?» ስትል ይሰማል።

«አይ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ብሆን አልገባም ነበር።»