የከዚራው ፉል ቤት ተዘጋ

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሌላ ምግብ ቤት ተዘጋ። ይኼኛው ፉል ቤት ስለሆነ ነው መሰለኝ ከሌሎቹ ይልቅ አሞኛል። በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስሙን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ገና ከሰው ዓይን እየሸሸ ነው፣ ስሙ ከስልክ ስልክ ሲዞር ማየት አይፈልግም። የሰፈሩ ሰው ሳልነግረውም ያውቀዋል።

ፉል ቤት ለእኛ ከተማ ምን እንደሆነ ድሬ ላልኖረ ሰው ማስረዳት እፈልጋለሁ። በሀገራችን ሥጋ ገበታ ይለያል። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም እንዲሁ። አብረው የተማሩ፣ አብረው የሚሠሩ፣ በሐዘንም በሠርግም የማይለያዩ ሰዎች ሥጋ ሲሆን ለየብቻ ይቀርብላቸዋል። ማንም በዚህ አይከፋም፤ ወጉ ነው። ፉል ላይ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ባቄላው ሌሊቱን ሲበስል አድሮ ጠዋት ይታሻል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፍበታል፤ ለጾመኛው በዘይት፣ ለሌላው በቅቤና በእንቁላል ይመጣል። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው አንድ ጠረጴዛ ከቦ በትኩስ ዳቦ ይጠርጋል። ረመዳን ሲሆን ቤቱ ቀን ጭር ይልና ማታ ያስፈጥራል። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤው ገለል ይላል። የሁለቱም እምነት ጾም ከአንድ ምድጃ ሲስተናገድ ያየሁት እዚያ ነው፣ ልጅ ሆኜ፣ እግሬ ከወንበሩ መሬት ሳይደርስ።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ስለከበደ ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲገባ ከተማዋም ተጀመረች። በመጀመሪያው ዘመን ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው ድሬ አድሮ ነው የሚነሳው። የሚያድር ሰው ደግሞ ይበላል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ፣ ጣሊያኑ እየመጣ ሲሰፍር ስፓጌቲውም ሳምቡሳውም ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭም አብሮ ገባ። ከዚራ በፈረንሳዮቹ ፕላን ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች በዛፍ ጥላ ሥር ተሠራ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ ሌላዋ ሰፈር፣ መጋላ፣ በራሷ መንገድ አደገች።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ፉሉን በዱቤ ይበላና ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላል። እንደሱ ያሉ ብዙ ነበሩ። የዱቤ ደብተሩን የሚይዘው ሰውዬ ፊደል አልቆጠረም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ምልክት ነበረው። የአባቴ ምልክት መዶሻ ነበር። ከመዶሻው ሥር የበላበት ቀን በጭረት ይያዛል፣ ወር ሲያልቅ አብረው ይቆጥራሉ፣ አንድም ቀን በጭረት ሲጣሉ አልሰማሁም። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ፣ በማግስቱ የቤቱ ትልቅ ድስት በጋሪ ተጭኖ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ወደተጠለሉበት ሄደ። ያን ቀን ደብተሩን የገለጠ አልነበረም።

ዱቤ የሚቆመው ደሞዝ በቀኑ ሲወጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፣ የጅቡቲውም እየተቆራረጠ ቀረ። ሠራተኛው ተበተነ፤ ከፊሉ ጡረታ ወጣ፣ ከፊሉ ባጃጅ ገዛ፣ ከፊሉ ከድሬ ወጣ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ለሀገር ጥሩ ነገር ነው፣ ተሳፍሬበት ደስ ብሎኛል። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ መንገደኛው ከዚራን ሳይረግጥ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ችግሩ ተደራረበ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉኒያ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ ሲተኛ ምግብ አብሳዩም ተመጋቢውም እኩል ወደቀ። በዓመቱ ኮሮና መጣ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዘይቱም ዱቄቱም ከአቅም በላይ ሆነ። ፉል የድሃ ምግብ ነው፤ ዋጋው ሲጨመርበት ሰው ቤቱ ሻይ በዳቦ በልቶ ይወጣል። ባለቤቱ ዋጋ መጨመር አፍሮ ዘገየ፣ ሲጨምርም ሰዉ አልመጣም።

በተዘጉት ቦታ የሚከፈቱት ፒዛ ቤት፣ በርገር ቤት፣ ጭማቂ ቤት ናቸው። የሚሠሩባቸው ልጆች የሰፈሬ ልጆች ናቸውና እንዲያድጉ እመኛለሁ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የእግረኛ መንገድና መብራትም እወደዋለሁ፤ እናቴ ማታ ማታ ወክ ማድረግ የጀመረችው በሱ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አዲሶቹ ቤቶች ገና በር ላይ በቴሌብር ያስከፍላሉ፣ ጠረጴዛቸው ለሁለት ሰው ነው፣ ጡረተኛ አንድ ሻይ ይዞ እስከ ቀትር የሚቀመጥበት ጥግ የላቸውም። የአባቴ የሥራ ጓደኞች አሁን ጠዋት ጠዋት በድሮው ለገሀር በኩል አጥር ተደግፈው ቆመው ያወራሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ሙቀት መቆም አልነበረባቸውም። ከተማ ሲታደስ ለእነዚህ ሰዎች አግዳሚ ወንበርና ርካሽ ቁርስ አብሮ መታሰብ አለበት፤ ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ።

የቤቱ ምግብ አብሳይ የት ገባች ብዬ ስፈልጋት መጋላ በኩል አገኘኋት። አመሻሹ ላይ፣ ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ መንገድ ዳር ባጊያና ሳምቡሳ ትጠብሳለች። እዚያ መስመር ላይ ከተዘጉ ምግብ ቤቶች የወጡ ሌሎች ሴቶችም አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻ።

«አቦ ተቀመጪ» አለችኝ፣ የተገለበጠ ሳጥን እየጠረገች።

«ፉሉስ?» አልኳት።

«ፉል ቤት ይፈልጋል ልጄ። ሌሊት ማደር አለበት። መንገድ ላይ የት ላሳድረው?»

አንዲት ክፍል አይታለች፣ ከከፊራ ገበያ ብዙም አትርቅም። አከራዩ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ድስቱ አለ፤ የቀድሞ ባለቤቱ «ውሰጂው» ብሎ ሰጥቷታል። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተነጋግረን እቁብ ልንጀምርና የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ ልንለቅ ተስማምተናል። ዳኛ ገና አልመረጥንም። ሰኞ ማታ እኛ ቤት እንሰበሰባለን፤ ከዚራ ወይም መጋላ ያደጋችሁ፣ አሁን የትም ብትኖሩ፣ መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚያ በፊት አሳውቁኝ።