የቱ ጋ ነው ልጄ?

ዛሬ ባንክ ውስጥ ከፊቴ የነበሩ አባት የልጃቸውን ሒሳብ ቁጥር በደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፈው መጥተዋል። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አስገብታ «አባቴ፣ ስህተት አለው» አለቻቸው።

«የቱ ጋ ነው ልጄ?»

«እሱን አይነግረኝም።»

ወረቀቱን ተቀብለው አሃዞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ማንበብ ጀመሩ። እጥፋቱ ላይ የዋለችው 7 ደብዝዛ 1 መስላለች።

ሪቻርድ ሃሚንግ ትዝ አለኝ። ይህ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቤል ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ስሌቱን ለኮምፒውተሩ ትቶ ይሄድ ነበር። ሰኞ ሲመለስ ማሽኑ ስህተት አግኝቶ ሥራውን ጥሎታል። በተከታዩ ሳምንትም እንዲሁ። ተናደደ፤ ስህተት መኖሩን ካወቀ ቦታውን አግኝቶ ለምን አያርመውም አለ። በ1950 ያሳተመው መልስ እስካሁን ያስደንቀኛል፦ በ4 የመረጃ ቢቶች (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሆኑ አሃዞች) ላይ 3 መቆጣጠሪያ ቢቶች ይጨመራሉ፤ ከሰባቱ አንዷ ብትበላሽ የሦስቱ ፍተሻ ውጤት ተጣምሮ የቦታዋን ቁጥር ይናገራል። የአባትየውን ጥያቄ ነበር የጠየቀው።

አባት እስክሪብቶዬን ተውሰው 7ቷን ደጋግመው አደመቋት። ወረቀቱንም በሌላ በኩል አጠፉት።